የሰነድ ክፍሉ በር

አሰብ በነበርኩባቸው ዓመታት ሥራዬ ወረቀት መጠበቅ ነበር። ጸደይ እባላለሁ። በአንድ የትራንዚት ድርጅት የሰነድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። መርከብ ይገባል፣ ዕቃ ይራገፋል፣ የዕቃው ሰነድ እኛ ዘንድ ይመጣል፤ ሹፌሩ ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ከእኔ እጅ ካልተቀበለ በቀር ከወደብ አይወጣም። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ሹፌር ሁሉ ያውቀኝ ነበር። አንዳንዱ እንዲያውም የሚወደኝ ይመስለኝ ነበር፤ ወረቀቱን ከተቀበለ በኋላ ግን ዞር ብሎም አያየኝም።

የምነግራችሁ ግን ስለ አሰጋሽ ነው። አሰጋሽ የድርጅታችን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበረች። ባሕር ዳር በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቃ፣ ወሎ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታ፣ ተቀይራ አሰብ መጣች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ዝምተኛ ናት፣ ካቻቪቴ ከኪሷ አይጠፋም፣ ስትስቅ ድምፅ አይሰማም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያሠሯት አምፖል መቀየርና ቬንቲሌተር መጠገን ብቻ ነበር። ሌላ ሥራ ሲኖር ከአዲስ አበባ ሰው ይጠራል።

በ1988 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከመጋዘን አንድ አቃፊ ሰነድ ጠፋ። ኋላ ከአንድ ቁም ሣጥን ጀርባ ወድቆ ተገኘ፤ ነገሩ ግን አስቀድሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ደርሶ ነበር። በወሩ ስለሺ የሚባል ወጣት ቴክኒሺያን ሁለት ካርቶን ይዞ ከአውሮፕላን ወረደ። በአራት ቀን ውስጥ ሦስት በሮች ላይ የኤሌክትሪክ ቁልፍ ገጠመ፤ በሰነድ ክፍሉ፣ በሬዲዮ ክፍሉና በናሙና ማስቀመጫው። ለእያንዳንዳችን ካርድ ተሰጠን። ካርዱን ግድግዳው ላይ ካለችው ሣጥን ስናስጠጋ አረንጓዴ መብራት ይበራና በሩ ጠቅ ብሎ ይለቃል። ከውስጥ ለመውጣት ደግሞ የምንጫነው ቁልፍ አለ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወልደሚካኤል በዚህ በር ፍቅር ወደቁ። ሰው በመጣ ቁጥር እየወሰዱ ያሳያሉ። እንግዳው ሻይ ሳይጠጣ በፊት በሩን ሦስት ጊዜ ከፍተው ይዘጉለታል። ያልተደሰተው ሁመድ ነው። ሁመድ ዘበኛችን ነው፤ የበይሉል ሰው፣ አፋር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የዚያን ቤት ቁልፎች በወገቡ ይዞ ኖሯል። የሦስቱን በሮች ቁልፍ ሲረከቡት ከወገቡ አወለቀና ሰጠ። ከዚያም የግቢው በር ላይ ካለችው አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ «እንግዲህ በሩ ራሱ ዘበኛ ሆኗል። እኔ ማንን ነው የምጠብቀው?» አለኝ።

አሰጋሽ ስለሺን እየተከተለች ሲሠራ ታይ ነበር። በመጨረሻው ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ እኔም ነበርኩ።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለችው።

«ባትሪ አለው። ስምንት ሰዓት ያቆየዋል።»

«ባትሪውን የት አደረግኸው?»

«እዚህ ኮርኒስ ውስጥ፣ ከመቆጣጠሪያው ሣጥን ጋር።»

አሰጋሽ ወደ ኮርኒሱ ቀና አለች። «ከላዩ እኮ ቆርቆሮ ነው። እዚያ ውስጥ በሰኔ ወር እንቁላል ይበስላል። ባትሪ ሙቀት አይችልም።»

«የተፈተነ ዕቃ ነው» አላት፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ግን ለአውሮፕላኑ ቸኩሎ ነበር። «አንድ ነገር አደራ፤ ሣጥኑን እንዳትከፍቺው። ከተከፈተ ዋስትናው ይቀራል።»

የአደጋ ጊዜ መክፈቻ ቁልፍም ነበር፤ ተራ የብረት ቁልፍ፣ ለእያንዳንዱ በር አንድ። አቶ ወልደሚካኤል ለጥንቃቄ ብለው ሦስቱንም በፖስታ አሽገው፣ በስለሺ እጅ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላኩ።

አሰብ መብራት በየጊዜው ይጠፋ ነበር። ግንቦት ላይ ሦስት ጊዜ ጠፋ፤ በሮቹ ግን ሠሩ። አቶ ወልደሚካኤል በጨለማው ኮሪደር ካርዳቸውን እያስጠጉ አረንጓዴዋ መብራት ስትበራ፣ «አያችሁ?» ይሉን ነበር። አይተናል።

ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ዓርብ ነበር። ከጠዋቱ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ጋሽ ገሠሠ የሚባሉ ሹፌር ወረቀታቸውን ሊወስዱ መጡ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ትልቅ ሰው፣ ፊያት ከነተሳቢው ይነዳሉ። የቆርቆሮ ጭነት ነበራቸው። ያን ቀን ሸሚዛቸው አዲስ ነበር።

«ጸደይ ልጄ፣ ዛሬ አታቆዪኝ። እሑድ ኮምቦልቻ ልጄን እድራለሁ» አሉኝ። «ጉምሩክ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው፣ ከፍቶ የሚጠብቀኝ የለም። አሁን ከወጣሁ ነገ ማታ ቤቴ ነኝ።»

ሹፌር ሰነድ ክፍል ውስጥ አይገባም፤ ነገር ግን ውጭ የሚያቃጥል ስለነበረ እና ውስጥ ኤር ኮንዲሽነር ስላለ አስገባኋቸው። ወረቀቱን እያዘጋጀሁ ሳለ አቶ ወልደሚካኤል ገቡ። ሹፌር ውስጥ ሲያዩ ቅር አላቸው፤ ሊናገሩኝ አፋቸውን ሲከፍቱ መብራት ጠፋ። ኤር ኮንዲሽነሩ አንድ ጊዜ አጓርቶ ዝም አለ።

«ችግር የለም» አሉ አቶ ወልደሚካኤል፤ ወደ በሩ ሄደው ቁልፏን ተጫኑ። ጠቅ አላለም። እንደገና ተጫኑ። በአውራ ጣታቸው ተጫኑ፣ በመዳፋቸው ተጫኑ። ጋሽ ገሠሠ ተነሥተው በትከሻቸው ገፋ አደረጉት፤ የብረት በር ነው፣ ንቅንቅም አላለም።

ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ቀድሞ የነበረውን መስኮት፣ ሰነድ እንዳይሰረቅ ብለው በግንብ ደፍነውት፣ ኤር ኮንዲሽነሩ የሚገባባትን ቀዳዳ ብቻ ትተውለታል። ጣሪያው ሥር ባለች አንዲት ጠባብ መስታወት በኩል ብርሃን ይገባል፤ እርስ በርሳችን መተያየት እንችላለን። ሙቀቱ ግን ወዲያው መጣ።

በሩን ደበደብን። ሁመድ ሰማንና አሰጋሽን ጠርቶ መጣ።

«ከውስጥ ማነው?» የአሰጋሽ ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አቶ ወልደሚካኤልና ጋሽ ገሠሠም አሉ። ቁልፉ አይሠራም።»

«ከውጭም ካርዱ አይሠራም። ባትሪው ሞቷል ማለት ነው። ውኃ አላችሁ?»

«አንድ ጠርሙስ።»

«ቆጥባችሁ ጠጡ። ልብሳችሁን አላሉት። አቶ ወልደሚካኤል፣ የአደጋ ቁልፉ የት ነው?»

«አዲስ አበባ ነው» አሉ አቶ ወልደሚካኤል።

የአሰጋሽ ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ በብረቱ በር አልፎ የታየኝ መሰለኝ።

«እሺ» አለች ቀጥላ። «ሣጥኑን ልከፍተው ነው። ዋስትናው ይቀራል፤ ይፈቅዳሉ?»

«ክፈቺው» አሉ። «የፈለግሽውን ክፈቺ።»

ጠረጴዛ ሲጎተት፣ ኮርኒስ ሲነሣ ሰማን። ቆየት ብላ፣ «ባትሪው እንደ ዳቦ አብጧል፤ ሙቀት ነው የገደለው» አለችን። «አሁን ሌላ ባትሪ ያስፈልገኛል። ጋሽ ገሠሠ፣ መኪናዎ የት ቆመች?»

ጋሽ ገሠሠ ከተቀመጡበት ተነሡ። «መኪናዬን ምን ልታደርጊያት ነው?»

«አንዱን ባትሪ አወልቃለሁ።»

«መኪናዬን ከእኔ በቀር ማንም ነክቷት አያውቅም።»

«አውቃለሁ። ግን እርስዎ ውስጥ ነዎት።»

ጋሽ ገሠሠ ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው አሰቡ። ከዚያ በበሩ በኩል ያስተምሯት ጀመር፤ የጋቢናው በር ከፍ ተደርጎ ነው የሚከፈተው፣ የባትሪው ሣጥን በግራ ነው፣ ብሎኑ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ነው፣ አስቀድመሽ የመሬቱን ሽቦ አውልቂ። «እሱን እንኳ አውቃለሁ ጋሽዬ» አለች። «ለምንድነው ሁለቱንም የማትወስጂው? ሁለት ናቸው እኮ» አሏት። «ሁለቱ ከተጣመሩ ሃያ አራት ቮልት ይሆናል፤ የበሩ ዕቃ አሥራ ሁለት ነው የሚፈልገው። ያቃጥለዋል።» ጋሽ ገሠሠ ወደ እኛ ዞረው፣ «ይቺ ልጅ ታውቃለች» አሉ፤ ተረጋግተው ተቀመጡ።

ያልተረጋጉት አቶ ወልደሚካኤል ነበሩ። ከረባታቸውን አውልቀዋል፣ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ላቡ የሙቀት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ዓይናቸው በሩ ላይ ተተክሏል፣ ትንፋሻቸው አጥሯል። ጋሽ ገሠሠም አይተዋል መሰለኝ፣ አንድ አቃፊ አንሥተው ያራግቡላቸው ጀመር።

«አቶ ወልደሚካኤል፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት» አሏቸው። «እስቲ አንድ ነገር ያማክሩኝ። እሑድ ዕለት ልጄን ስመርቅ ሰው ፊት መናገር አለብኝ። ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ከመሪ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ንግግር አልለመድኩም። ምን ልበል?»

አቶ ወልደሚካኤል መጀመሪያ አልሰሟቸውም። ሲደገምላቸው፣ «ስሟ ማነው?» አሉ።

«ፍሬሰላም።»

«ምን ዓይነት ልጅ ናት?»

ጋሽ ገሠሠ መናገር ጀመሩ። ከመንገድ ሲመጡ ሳትተኛ እንደምትጠብቃቸው፣ አምስት ዓመቷ ሳለ የመኪናቸውን ጥሩምባ ከሌላው ሁሉ ለይታ ታውቅ እንደነበር፣ አሁን አስተማሪ እንደሆነች። አቶ ወልደሚካኤል ከጠረጴዛዬ ላይ የተበላሸ ቅጽ አንሥተው በጀርባው ይጽፉ ጀመር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፉና ያነባሉ፤ ጋሽ ገሠሠ፣ «ይሄ የቢሮ ነው፤ እንደ ሰው ያድርጉት» ይሏቸዋል፤ ይሰርዙና እንደገና ይጽፋሉ። ጠርሙሱን ተቀባበልን። እኔ አራገብኩላቸው። ግማሽ ሰዓት እንዲህ አለፈ፤ የአቶ ወልደሚካኤል ትንፋሽ ተመለሰ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሳቁ።

ውጭ ሁመድና ሀብቴ የሚባል ሌላ ሹፌር ባትሪውን ተሸክመው ገቡ። አሰጋሽ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ሽቦውን አገናኘች። እኛ በር ላይ ቆመን ጠበቅን። ምንም የለም።

«ፊውዙ ተቃጥሏል» አለች ከላይ። «ባትሪው ሲሞት ይዞት ሄዷል። የእኔ ዕቃ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ትንሽ የለም።»

«መቀመጫው ሥር!» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «የወተት ጣሳ አለ፤ በውስጡ ሁሉም ዓይነት አለ።»

ሀብቴ ሮጦ ሄደ፣ ሮጦ መጣ። ጣሳው ሲንኮሻኮሽ ይሰማናል። ከዚያ አሰጋሽ፣ «አሁን ተጫኑ» አለች። አቶ ወልደሚካኤል ጣታቸውን ወደ ቁልፏ ልከው መለሱትና፣ «ጋሽ ገሠሠ፣ እርስዎ ይጫኑ» አሉ። ጋሽ ገሠሠ ተጫኑ። በሩ ጠቅ አለ።

ኮሪደሩ ራሱ የጋለ ነበር፤ ለእኛ ግን እንደ ደጋ ነፋስ ሆነልን። አሰጋሽ ጠረጴዛው ላይ እንደቆመች ናት፤ ፊቷ በአቧራና በላብ ጠቁሯል። ጋሽ ገሠሠ ሰዓታቸውን አዩ፤ አምስት ሰዓት ከአሥር። ወረቀታቸውን ይዘው፣ ባትሪያቸውን ለሀብቴና ለሁመድ አሸክመው፣ ንግግራቸውን በኪሳቸው ከትተው ወጡ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የጥሩምባቸው ድምፅ ከጉምሩክ በኩል ተሰማን።

አቶ ወልደሚካኤል ከውጭ በሁመድ አልጋ ላይ ተቀምጠው አንድ ጆግ ውኃ ጨረሱ። ከዚያ አሰጋሽን ጠሩና፣ «ከዛሬ ጀምሮ በሮቹ የአንቺ ናቸው» አሏት። «ምን ይሻላል?»

አሰጋሽ መልሱን አዘጋጅታ የቆየች ትመስል ነበር። «ሁለት ነገር» አለች። «አንደኛ፣ ሰው የሚገባበት ክፍል በሩ በኮሬንቲ ብቻ መከፈት የለበትም። ከውስጥ በኩል ተራ እጀታ ይገጠም፤ መብራት ኖረ አልኖረ ወደ ታች ሲጫኑት ይከፈታል።»

«እጀታ ከገጠምንማ የበሩ ጥበቃ ምኑ ላይ ነው? ሌባ ይገባል እኮ።»

«እጀታው ከውጭ የለም። ውስጥ ያለውን ያስወጣል እንጂ ውጭ ያለውን አያስገባም።»

አቶ ወልደሚካኤል አሰቡት። «ሁለተኛውስ?»

«ባትሪው ከኮርኒስ ይውረድ። ትልልቅ የመኪና ባትሪ በሰሜን በኩል፣ ከሁመድ የዘበኛ ቤት ጎን፣ ጥላ ባለበት እናኖራለን። መብራት ሲኖር ይሞላል፣ ሲጠፋ በሮቹን ይይዛል። ሽቦውን በግድግዳው እስባለሁ። የብረት ቁልፎቹም ይመለሱና ሁመድ ይያዛቸው።»

ሰኞ ዕለት ለስለሺ ስልክ ተደወለ። ስለሺ በጣም አዘነ፤ ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይመጣ ምንም እንዳይነካ አለ። አቶ ወልደሚካኤል ስልኩን ይዘው፣ «አንተ ልጅ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጠህ ከወጣህ በኋላ እንነጋገራለን» አሉት፤ ዘጉት። ካወቅኋቸው ጊዜ ጀምሮ ፈቃድ ሳይጠብቁ አንድ ነገር ሲያደርጉ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ጋሽ ገሠሠ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። የሰርጉን ዳቦ አመጡልን፤ ከዳቦው ሌላ ሁለት ያገለገሉ ባትሪዎች ከኮምቦልቻ ጋራዥ ጭነው ነበር። «ሞተር ለማስነሣት ደክመዋል፣ ለበር ግን ይበቃሉ» አሏት አሰጋሽን። ንግግሩ እንዴት እንደነበር ስጠይቃቸው፣ «መሐል ላይ የቢሮ ቃል አንድ ቀርታ ነበር፣ ዘለልኳት» አሉ። ሌሎች ሹፌሮችም ነገሩን ሰምተው አንዱ ሽቦ፣ አንዱ የባትሪ መቆንጠጫ ሰጣት። አሰጋሽ ለባትሪዎቹ የሚጨመረውን ውኃ ከኤር ኮንዲሽነር ከሚንጠባጠበው እያጠራቀመች ትጠቀም ነበር፤ የአሰብ የቧንቧ ውኃ ጨው አለበት፣ ባትሪ ይገድላል። የባሕሩ አየር ጫፎቹን እንዳይበላቸው ግራሶ ትቀባቸዋለች። በየሰኞው ጠዋት እሷና ሁመድ ሲፈትሿቸው አያለሁ። ሁመድ የውኃውን ልክ ማየት ተምሮ፣ ቀስ በቀስ እሷ ሳትመጣ ብቻውን ይጨርሰው ጀመር። ሦስቱ የብረት ቁልፎችም ተመልሰው ወገቡ ላይ ነበሩ።

መስከረም መጨረሻ ላይ የከተማው መብራት ማመንጫ ውስጥ አንድ ትልቅ ማሽን ተበላሸ፤ መብራት ሦስት ቀን ሙሉ ጠፋ። በሁለተኛው ቀን የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች በአውሮፕላን መጡ፤ ከነሱም ጋር ስለሺ አለ። ወደብ አካባቢ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ በሩን በድንጋይ ከፍቶ ሰው ውጭ ተቀምጧል። እኛ ጋ ሲገቡ ካርድ አስጠግተን፣ አረንጓዴ መብራት በርቶልን ገባን። ከእንግዶቹ አንዱ ጄነሬተር ያለን መስሎት ድምፁን ለመስማት ጆሮውን አቀና።

አቶ ወልደሚካኤል እንግዶቹን ወደ ሰነድ ክፍሉ ይዘው ገቡ፤ በሩን ዘጉ። ከዚያ ሁመድን በበሩ በኩል፣ «ሽቦውን ከባትሪው ላይ አውልቀው» አሉት። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ፤ ትንሽ ደንግጬ እንደነበር አልሸሽግም። ከመውጫ ቁልፏ በላይ የምትበራው ትንሽ ቀይ መብራት ጠፋች። አቶ ወልደሚካኤል እጀታውን ወደ ታች ተጫኑት፤ በሩ ተከፈተ። «ይህን የሠራችው የእኛ ባለሙያ ናት» አሏቸው፤ አሰጋሽን ከኮሪደሩ ጠርተው ከፊታቸው አቆሟት። ልክ በዚያ ሰዓት እጇ ግራሶ ነበር፤ ማንንም አልጨበጠችም።

ስለሺ ያን ቀን ምሳ አልሄደም። ባትሪዎቹ አጠገብ ጥላው ውስጥ ከአሰጋሽ ጋር ተቀምጦ፣ የሽቦውን አካሄድ ደብተሩ ላይ ሲስል ቆየ። ሌሎች ሁለት ቅርንጫፎች ላይም ተመሳሳይ በር ገጥሞ ነበር።

«ኮርኒሱን የነገርሽኝ ጊዜ ብሰማሽ ኖሮ ጥሩ ነበር» አላት።

«አሁን ሰምተሃል» አለች። «ስዕሉ ላይ ግን ማን እንደሠራው ጻፍበት።»

ስሟን ከነአባቷ ጠይቆ ጻፈ።

መብራት በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ከኤር ኮንዲሽነሩ ድምፅ በቀር ሥራችን ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ኅዳር ላይ ለአሰጋሽ የእድገት ደብዳቤ ደረሳት፤ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ሆነች። ክፍሉ ከእሷ ሌላ ሠራተኛ አልነበረውም፤ ቢሮ ግን ተሰጣት፣ በባሕሩ በኩል ያለችው ጠባብ ክፍል። አቶ ወልደሚካኤል በሯ ላይ የካርድ ቁልፍ ይገጠምልሽ ወይ ብለው ጠየቋት።

«ይቅር» አለች። «እዚህ የሚሰረቅ ካቻቪቴና ፒንሳ ብቻ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባሕር ሲነሣ እዚያ ክፍል ውስጥ እኔ፣ እሷና ሁመድ ሻይ እንጠጣ ነበር። በየወሩ ጋሽ ገሠሠ ሲመጡ ወንበር ስለማይበቃ አንዳችን አሮጌ ባትሪ ላይ ይቀመጥ ነበር።